ባለጋሪው የጠየቁኝ

ፊዚክስ ማስተማር የጀመርሁት ፊዚክስ በደንብ ሳይገባኝ ነው። እንዳልገባኝ ያወቅሁትም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ቆሰበር ላይ፣ ከአንድ ባለጋሪ ተማሪዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጥር ይቀናኝ ነበር። ጥያቄ ሲሰጠኝ የትኛው ፎርሙላ ውስጥ እንደሚገባ ወዲያው ይታየኛል፤ የተሰጠውን ጽፌ፣ የተጠየቀውን አስምሬ፣ መልሱን ከእነ መለኪያው አወጣለሁ። በዚህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ በጥሩ ውጤትም ተመረቅሁ። ቤተ ሙከራ ገብቼ አውቃለሁ፤ ግን ለሠላሳ ሰው አንድ መሣሪያ ስለነበረን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት ከፊቴ የቆሙትን ልጆች ጀርባ ሳይ ነው። ቁጥሩን ከእነሱ ደብተር ቀድቼ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሪፖርቴ ሁልጊዜ ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ እንጅባራ ተመደብሁ። ደብዳቤው ላይ እንጅባራ ይባላል እንጂ የአገሩ ሰው ዛሬም ቆሰበር ነው የሚለው። ከዳንግላ ሩቅ አይደለም፤ ብርዱ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ጠዋት መደበኛ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ የማታ የሚባሉትን። ማታ ይባል እንጂ ትምህርቱ የሚጀምረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁሉም ሥራ ውለው የሚመጡ አዋቂዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ አዊኛ ይናገራሉ፤ ከተማውና ክፍሉ አማርኛ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ እንግሊዝኛ። እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር።

ባለጋሪው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ሳይነካ አይቀርም፤ እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ልጃቸው እሆናለሁ። ወጣት ሳሉ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጠው፣ ልጆች ካሳደጉ በኋላ ነው ተመልሰው የገቡት። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው። ከዚያ ሆነው አጥሩ ጥግ ያሰሩትን ፈረስ ማየት ይችላሉ። ደብተራቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ይይዛሉ፤ እርሳሳቸውን በቢላ ይቀርጻሉ። ብዙ አይናገሩም ነበር።

ያን ቀን የማስተምረው ሦስተኛውን የእንቅስቃሴ ሕግ ነው። ለእሳቸው ይመች ብዬ ሰሌዳው ላይ ፈረስና ጋሪ ሣልሁ። ፈረሴ ውሻ ይመስል ስለነበር ትንሽ ተሳቀ።

«ፈረሱ ጋሪውን ወደ ፊት ይስበዋል» አልሁ። «ጋሪውም ፈረሱን በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይስበዋል። ለእያንዳንዱ ኃይል እኩልና ተቃራኒ የሆነ ኃይል አለ።»

ባለጋሪው እጃቸውን አወጡ። እጃቸውን ሲያወጡ ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሪው ፈረሱን ወደ ኋላ ይስበዋል አሉ?»

«አዎ።»

«በዚያው ልክ?»

«በዚያው ልክ። እኩል ነው፤ ተቃራኒው አቅጣጫው ብቻ ነው።»

ሰሌዳውን ጥቂት አዩት። «እኩል ከተሳሳቡ ማን ያሸንፋል? እኔስ ዛሬ ከገበያ እስከዚህ በምን መጣሁ?»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ደብተሬ ላይ የተጻፈች አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ እሷን አወጣሁ። «ሁለቱ ኃይሎች የሚያርፉት በተለያዩ አካላት ላይ ስለሆነ አይጣፉም» አልሁ።

«እሺ፤ አይጣፉም» አሉ በትሕትና። «ታዲያ ጋሪው ወደ ኋላ እየሳበው ፈረሱን ወደ ፊት የሚወስደው ምንድን ነው?»

አንድ ሰው ከኋላ «ጉልበቱ ነዋ!» አለ። እኔም የምይዘው ሳጣ «ሕጉ ይኸው ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል፤ ጻፉት» አልሁ። ባለጋሪው አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ደወል ሲደወል ደስ ያለኝን ያህል ከዚያ በፊት ደወል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ገብቼ መጽሐፎቼን ሁሉ ገለጥሁ። ቀስቶቹን መሣል እችላለሁ፤ መልሱንም በቃል እወጣዋለሁ። ግን እሳቸው እንደጠየቁት ራሴን ስጠይቅ ልቤ አያምንም። አራት ዓመት ሙሉ የተማርሁት ነገር ላይ አንድም ቀን «በምን መጣሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ባለጋሪው አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ሰው ፊት አሳፍሬያቸው የቀሩ መሰለኝና እረፍት አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሪዎች ወደሚቆሙበት መናኸሪያው አጠገብ ሄድሁ። እዚያ ነበሩ። ጋሪያቸው ባዶውን ቆሟል፤ እሳቸው ቁጢጥ ብለው የፈረሱን የፊት ጉልበት ቅባት ያሹታል።

«ጋሼ፣ ቅር አሰኝቼዎት ነው የቀሩት?» አልኋቸው።

ደንግጠው ተነሡ። «ኧረ በጭራሽ! ፈረሱ ወድቆብኝ ነው። ይኸው፣ ጉልበቱ ተላጠ። ሳምንት ሙሉ ሳስታምመው ነው የሰነበትሁት።»

«ጭነት ከብዶት ነው?»

«ጭነቱስ ሦስት ኩንታል ድንች ነው። አፈር ላይ ስድስት ይጎትታል። ኮብሉ ላይ ነው የወደቀው፤ ዝናብ ጥሎ ነበር።» ወደ ገበያው የሚያወጣውን የኮብልስቶን ዳገት በአገጫቸው አሳዩኝ። «ድንጋዩ ሲረጥብ ኮቴውን ያንሸራትተዋል። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ ጉልበቱም ያው ነው። መሬቱ አልያዘለትም።»

መሬቱ አልያዘለትም ሲሉ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ፈረሱ ሲራመድ በኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም በዚያው ልክ ፈረሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከጋሪው ስበት የመሬቱ ግፊት ሲበልጥ ይሄዳሉ። ድንጋዩ ሲያንሸራትት ፈረሱ የሚገፋው ነገር ያጣል፤ እሱን ወደ ፊት የሚገፋውም ያጣል። ጉልበቱ እያለ ይወድቃል። የሦስተኛው ሕግ መልስ ሰሌዳዬ ላይ ያልሣልሁት መሬት ነበር።

እዚያው ቆሜ፣ ባጃጅ እየጮኸብን፣ በእጄ እያሳየሁ ነገርኋቸው።

«ስለዚህ ፈረሱን የሚገፋው መሬት ነው?»

«መሬት ነው።»

መሬቱን አዩት። ከዚያ ሳቁ። «እኔ ስንት ዘመን ለፈረሱ ብቻ ገብስ ስሰጥ!»

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ክፍሉን ሁሉ ሜዳ ላይ አውጥቼ ለማስተማር ወስኜ ነበር። መሣሪያ የለንም፤ ግን ድንች የሚገዙ ነጋዴዎች ጆንያ የሚመዝኑባቸው፣ መንጠቆ ያላቸው ተንጠልጣይ ሚዛኖች አሉ። ባለጋሪው ድንች ስለሚያመላልሱላቸው ሁለት ሚዛን ተውሰው አመጡልኝ። አንደኛው ነጋዴ «መምህሯ ሚዛኔን ልትፈትሽ ነው እንዴ?» ብሎ ለመስጠት ሲያንገራግር ነበር አሉኝ።

ርዕሰ መምህሩ ፈረሱና ጋሪው ግቢ መግባታቸውን አልወደዱም። «ነገ ሌላው በሬ ይዞ ይመጣል» አሉ። ፋንድያውን ራሴ እንደማነሣ ቃል ገብቼ ፈቀዱልኝ። በኋላም አነሣሁ።

ሁለቱን ሚዛኖች መንጠቆ ለመንጠቆ አያያዝሁና ከክፍሉ ግዙፉን ሰው ጠራሁ፤ ሥጋ ቤት የሚሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። በሌላው ጫፍ ጤና ጣቢያ በጽዳት የምትሠራ አንዲት ቀጭን እናት አቆምሁ። «ሳቡ» አልሁ። ሳቡ።

«የእሱ ስንት ይላል?»

«ሃያ ኪሎ!»

«የእሷስ?»

«ሃያ… ቆይ… ሃያ ነው።»

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አሉ ተማሪዎቹ። ሚዛኖቹን አለዋወጥን። ሃያ አምስት ሲስብ ሃያ አምስት፣ አሥር ሲስብ አሥር። አንደኛውን ሚዛን ከዛፍ ግንድ ላይ አስረን የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ብቻውን እንዲስብ አደረግን። ከግንዱ በኩል ያለው ሚዛንም ያንኑ አሳየ። «ዛፉም ይስባል!» ብሎ የጮኸው ሰው ፊት አሁንም ይታየኛል።

ከዚያ ሚዛኖቹን አንሥተን ሰውዬውና ቀጭኗ እናት በገመድ እንዲጓተቱ አደረግሁ። ሣሩ ረጥቦ ነበር። እሷ ጽዳት ስትሠራ የምታደርገውን የጎማ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ እሱ ሶሉ ያለቀ የቆዳ ጫማ። ገመዱ ተወጠረ፤ እሱ አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛ ተንሸራተተ፣ ከዚያ በጀርባው ተዘረረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም መሬት ላይ ተኝቶ ሲስቅ ነበር።

ባለጋሪው ፈረሳቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። «ለእሷ መሬቱ ያዘላት» አሉ ለክፍሉ። ከእኔ ማብራሪያ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር በለጠ። ይህን መያዝ የሚገልጸውን ፍሪክሽን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከዚያ በኋላ ማንም አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ለእኔም ለእነሱም ሌላ ሆነ። ባለጋሪውም ጥያቄ መጠየቅ አበዙ። ግን በልባቸው ይዘውት የከረሙት ጥያቄ ሌላ እንደነበር ያወቅሁት የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው።

ምዕራፉ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፤ ምሳሌም ሠራሁ። ክፍሉ ሲበተን ባለጋሪው ቀሩ። ደብተራቸውን በፌስታሉ ጠቅልለዋል፤ ግን አልተነሡም።

«መምህርት፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለማቆምም አራት እጥፍ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው?»

«አዎ፤ የሚይዘው ኃይል ያው ከሆነ።»

«ሦስት እጥፍ ከሆነስ?»

«ዘጠኝ እጥፍ።»

ቀጥሎ የነገሩኝን እንዲህ በአጭሩ ልጻፈው። ከአሁኑ ፈረስ በፊት ሌላ ነበራቸው። አባታቸው ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደጉት ነው። አባትየው በወጣትነታቸው ጥር ላይ ለበዓል ከሚጋልቡት ፈረሰኞች አንዱ ነበሩ፤ ሲያረጁ ፈረሱን ለልጃቸው ሰጧቸው። አንድ ቀን ድንች ጭነው ከከተማው ዳር ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ ፈረሱ ጋሪውን መያዝ አቃተው። ቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። የልጓሙን ገመድ፣ ዛቡን፣ በሙሉ ኃይላቸው ስበዋል። ጋሪው ፈረሱን ከኋላ እየገፋ ቦዩ ውስጥ ከተተው። እግሩ ተሰበረ፤ አልተረፈም። እሳቸው ከላይ ተወርውረው ስለወደቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የተጎዳው።

«አባቴ ያን ዕለት መጡ። ቦታውን ዞረው አዩና ‹ቀኑ ደርሶ ነው፣ ተወው› አሉኝ። ሰውም ሁሉ እንዲሁ አለኝ። ሰባት ዓመት ሆነው። እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ቀኑ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ትምህርት የተመለሱት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ብቻ አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ግን ለዚህም ነው» አሉ።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም አላዘጋጀኝም። ‹ይህን ማወቅ አይቻልም› ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ሆኖም አንድ ጊዜ ‹ሕጉ ይኸው ነው፣ ጻፉት› ብያቸው ነበርና ሁለተኛ ላደርገው አልደፈርሁም። ቦታውን ለማየት ተቀጣጠርን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልቁለቱ ላይ ተገናኘን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ያን ዕለት የጫኑትን ያህል ጭነት ጭነው ነው የመጡት። መጀመሪያ ዛቡን የሳቡበትን ቦታ አሳዩኝ፤ የአንድ ግቢ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት ነው። ከዚያ እስከ ቦዩ በርምጃ ለካሁት። ሠላሳ ርምጃ።

ቀጥሎ ከላይ ጀምረው በርምጃ ፍጥነት ወረዱ፤ እኔ ‹አሁን!› ስል ዛቡን ሳቡ። ጋሪው አራት ርምጃ ሄዶ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ አራት፣ አራት፣ አምስት ያልሞላ።

«ያን ዕለት እንዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ዝናብ እየመጣ ነበር። በሶምሶማ ነው የወረድሁት።»

ጋሪውን ፈትተው፣ ሜዳው ላይ ፈረሱን ለብቻው እንዲያስኬዱት ጠየቅኋቸው። በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል በስልኬ ሰዓት ያዝሁ። በርምጃ አሥራ ስምንት ሰከንድ ፈጀ። «አሁን ደግሞ ያን ዕለት በሄዱበት አካሄድ» አልኋቸው። ፈረሱን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ልኩን ፈለጉ፤ ከዚያ «ይህ ነው፤ አልረሳውም» አሉ። ስድስት ሰከንድ።

ሦስት እጥፍ ነው። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ግን አልተናገርሁም።

«በመጀመሪያ እጥፉን በጋሪው እንሞክረው» አሉ። ጋሪውን መልሰው ጠምደው፣ በርምጃና በሶምሶማው መካከል ባለ ፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ ከላይኛው ለዘብ ካለው ክፍል ላይ ወረዱ። ጋሪው የቆመው አሥራ ሰባት ርምጃ ላይ ነው። በሂሳቡ አሥራ ስድስት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥሩ ውጤት በእጄ አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ ለመደሰት ግን ቦታው አልነበረም።

«ሦስት እጥፉን አንሞክረውም» አሉ። «አንሞክረውም» አልሁ።

የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ከፌስታሉ አወጡ። አራት በዘጠኝ ብለው ጻፉ። እርሳሱን በዝግታ ነበር የሚያስኬዱት፤ መልሱን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል።

«ሠላሳ ስድስት።»

ቦዩ ያለው ሠላሳ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ግምት ነው» አልሁ ቶሎ ብዬ። «ፈረሱ ሌላ ነው፤ መንገዱም ያኔ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ አለካክም ቢሆን…»

«እርጥብ አልነበረም። ዝናቡ ገና አልደረሰም ነበር።» ደብተሩን ዘጉት። «በእጥፍ ወርጄ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሰባት ላይ ይቆም ነበር። ግማሽ መንገድ ይተርፈኝ ነበር።»

«ዝናቡ አስቸኩሎዎት ነው።»

«ዝናቡ አልሮጠም መምህርት። እኔ ነኝ የሮጥሁት።»

አላለቀሱም። ፈረሱ ከመንገዱ ዳር ሣር ይግጣል፤ ከአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል የመጣ ከሰል የጫነ መኪና በዝግታ አለፈን። ያደረግሁት ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም ነበር። አንድን ሰው ለሰባት ዓመት ካጽናናው ቃል ላይ በአንድ እሑድ አስነሥቼዋለሁ።

በማግሥቱ ክፍል ገቡ። ሳምንቱንም ሙሉ ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከክፍል ስወጣ አብረውኝ ተራመዱና «ለአባቴ ነገርኋቸው» አሉኝ።

አባትየው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው እዚያ ድረስ ሄደው፣ ደብተራቸውን ከፍተው፣ በአዊኛ አንድ በአንድ አስረዷቸው፤ አራቱን ርምጃ፣ አሥራ ሰባቱን፣ ሠላሳ ስድስቱን። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ምን እንዳሉ ባለጋሪው ወደ አማርኛ መልሰው ነገሩኝ።

«‹አውቃለሁ› አሉኝ።»

«ምኑን?»

«መሮጤን። ‹ያን ዕለት የኮቴውን ምልክት አይቻለሁ፤ ፈረስ ሲራመድ የኮቴው ምልክት ቅርብ ለቅርብ ነው፤ ሲሮጥ ይራራቃል፤ የአንተ ከላይ እስከ ታች የተራራቀ ነበር› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩዎትም?»

«እኔም ጠየቅኋቸው። ‹ብነግርህ ፈረሱ ይነሣ ነበር? አንተ ግን ጋሪ የሚባል ነገር አትነካም ነበር፤ ልጆችህን በምን ታሳድጋለህ?› አሉኝ።»

በር ላይ ደርሰን ነበር። ባለጋሪው ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ፤ ፈረሱን የሚያዩ መሰሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቁ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም።» ያኔ ነው ዓይናቸው እንባ ያቀረረው።

ሽማግሌው ያን ዕለት መሬቱን አይተው ፍጥነቱን ለክተው ሄደዋል። እኔና ልጃቸው ስልክና ደብተር ይዘን ግማሽ ቀን የፈጀብንን ሥራ እሳቸው በአንድ ጊዜ አይተው ጨርሰውታል። ልዩነቱ እሳቸው ያገኙትን መልስ ለራሳቸው ማስቀረታቸው ነው።

ባለጋሪው ከዚያ በኋላ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ብየዳ ቤት መሄድ ነበር። ጋሪ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ጋሪውን የሚይዘው የፈረሱ ገላ ብቻ ነው። በእግር ሲረገጥ አሮጌ ጎማ የተለበጠበት ብረት ከጋሪው ጎማ ላይ እንዲጫን አድርገው አሠሩ። የመጀመሪያውን ቀን ሞክረው ክፍል ሲመጡ ሁለት ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል።

«ምን ሆኑ?»

«ፍሬኑን ነካሁት። መምህርት፣ ያ ፍጥነት ሲቆም የት ይሄዳል ብዬ ልጠይቅዎት ነበር። አሁን አልጠይቅም።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጉልበት እንደማይጠፋ፣ ከእንቅስቃሴ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ለክፍሉ አሳዩ። ሌሎች ባለጋሪዎች መጀመሪያ «ጋሪህን መኪና አደረግኸው» እያሉ ቀለዱባቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ከመካከላቸው ሦስቱ ያንኑ አሠሩ። ሌሎቹ አላሠሩም፤ እስከ ዛሬም ሳያሠሩ ይነዳሉ።

በሚቀጥለው ዓመትም አስተማርኋቸው። አሥረኛ ክፍልን ሲጨርሱ በፊዚክስ ከማታ ተማሪዎች አንደኛ ወጡ። እንግሊዝኛቸው ደካማ ነበር፤ ለፍተው አለፉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። እኔ ምርጫቸውን መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም ነበር። ለሰው ሁሉ ‹የእኔ ተማሪ› እያልሁ ሳወራ ከርሜአለሁ።

የምዝገባው ቀን መምህራን ክፍል ብቅ አሉ።

«ማኅበራዊ ሳይንስ ተመዘገብሁ» አሉኝ።

የያዝሁትን ወረቀት አስቀመጥሁ። «ፊዚክስስ?»

«ፊዚክስ የጠየቅሁትን መልሶልኛል።» ያስቀየሙኝ መስሏቸው ቶሎ ጨመሩ፤ «እርስዎ ላይ ምንም የለኝም፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ደግሞ ሕግ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሰውን ሕግ ማለቴ ነው። ከወንድሜ ጋር ለዓመታት ያልተስማማንበት የመሬት ወሰን አለ፤ አባታችን ሳሉ ልንጨርሰው እንፈልጋለን።»

ከፋኝ፤ አልዋሽም። ሦስት ቀን ያህል ከፍቶኝ ነበር። ከዚያ ግን የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩ ጭንቅላቱን ይዞ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ፤ «አንድ ሽማግሌ ተማሪ መጥቶብኛል፤ የጻፍሁትን ሁሉ ‹ለምን?› ይለኛል።»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «የሚጠይቁህን ሳታውቀው ከቀረህ አታልፈው» አልሁት። «አላውቅም በላቸውና አብረሃቸው ሂድ።»